በጥጥ የተደፈነው በር

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ነው። ክረምቱን ልጄን ከስልክ ላስጥላት ብዬ ከዘመድ 20 የሐር ትል አመጣሁ። ከወንዙ ዳር የጉሎ ቅጠል እየቆረጥን አሳደግናቸው። ሦስቱ ሞቱ፤ 17ቱ ክራቸውን ሠርተው ውስጡ ገቡ። ዛሬ 19ኛ ቀናቸው ነው፤ አንድም የወጣ የለም። ሁሉም ጫፋቸው ላይ ክፍት ነው። እናቴ ‹ብርድ ይገባባቸዋል› ብላ ክፍቱን በጥጥ ደፈነችው። ልጄ ደግሞ ‹ከአንድ ኮኩን (ትሉ ከሚሠራው የክር ቤት) አንድ ኪሎ ሜትር ክር ይመዘዛል› የሚል አንብባ አንዱን ፈላ ውሃ ውስጥ ከተተችው፤ የወጣው ብጥስጣሽ ነው። ሞተውብን ይሆን? አንዱን ቀድደን ብናይስ?»

ምላሽ፦

መጀመሪያ ጥጡን ያውጡ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

እናትዎ የደፈኑት ክፍት ቦታ በር ነው። ትሉ ራሱ ነው የተወው፣ በኋላ ሊወጣበት። አንድ ትል ሥራውን ሳይጨርስ ሊቀር ይችላል። 17ቱም ግን አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ አይሳሳቱም። ጥጡን ሲያወጡ በጣት አይጎርጉሩት። በወረንጦ ጫፉን ይዘው ቀስ አድርገው ወደ ውጭ ይሳቡት። ከበሩ ክር ትንሽ አብሮ ቢሳብ አይደንግጡ፤ በሩ ይሰፋል እንጂ አይበላሽም። ወደ ውስጥ የገፉት እንደሆነ ግን ችግር ነው። ከበሩ ጀርባ የተቀመጠው የፑፓው፣ ማለትም ወደ እሳት እራት እየተለወጠ ያለው ትል፣ ጭንቅላት ነው።

እናትዎን ግን አይቆጧቸው። ብርዱን በማሰባቸው ትክክል ናቸው። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

ሞተዋል ወይ ላሉት፣ በእኔ ግምት አብዛኞቹ ደህና ናቸው። በነሐሴ ብርድ አሥራ ዘጠኝ ቀን ገና ነው።

ልጅዎ ያነበበችውም ውሸት አይደለም፤ የሌላ ትል ታሪክ ነው እንጂ። ዓለም «ሐር» ሲል በብዛት የሚያወራው ስለ ቦምቢክስ ሞሪ ነው። የመልበሪ ቅጠል የሚበላው ነጭ ትል። «ሞሪ» የሚለው ስሙ ራሱ ከመልበሪ ዛፍ ስም የመጣ ነው። የእናንተ ትል ግን ጉሎ በልቶ ነው ያደገው። ስለዚህ ፎቶ ባይልኩልኝም በምግቡ አውቄዋለሁ፦ ሳሚያ ሪሲኒ ነው፣ በተለምዶ ኤሪ የሚባለው። ቃሉ የመጣው ከሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ ከአሳም ነው። በአሳምኛ «ኤራ» ጉሎ ማለት ነው። ባጭሩ ቤታችሁ ያለው የጉሎ ሐር ነው።

በነገራችን ላይ ጉሎ ካነሳን አይቀር፣ ቅጠል ስትቆርጡ ፍሬውን ልጅቷ እንዳትነካካው። እናትዎ አዲስ ምጣድ ሲያሟሹ ያውቁት ይሆናል፣ ቤተኛ ነገር ነው። ግን ፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለ። ያኘከ ልጅ ሆስፒታል ነው የሚሮጥበት። ቅጠሉን በሚቆርጥ እጅ ቆሎ መብላትም ይቅር፤ መጀመሪያ መታጠብ ነው።

ወደ ኮኩኑ እንመለስ።

የመልበሪው ትል ኮኩን ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ነው። እንደ ኦቾሎኒ ልጣጭ፣ ምንም ቀዳዳ የለውም። ትሉ መጨረሻ ላይ መብላት ያቆማል። ሰውነቱ ውሃ ያዘለ ይመስል ወደ ቢጫነት ያደላል፣ ብርሃን ያሳልፋል። አንጀቱን ጠርጎ ያወጣና ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያገኝ ጥቂት ልቅ ክር ወዲህና ወዲያ ይወጥራል። ይህ ማሰሪያው ነው። ከዚያ መሃሉ ላይ ይገባና ጭንቅላቱን እንደ ስምንት ቁጥር እያዞረ መሥራት ይጀምራል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሦስት ቀን ሌሊትና ቀን አያርፍም። ክሩ ከአፉ ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ ነው የሚወጣው። ሰው «ይተፋል» ይላል፤ እኔ ይህን ቃል አልወደውም። ክሩን የሚስበው በጭንቅላቱ እንቅስቃሴ ነው። ሆዱ ውስጥ ፈሳሽ የነበረው ነገር ጠንካራ ክር የሚሆነው አንድም በመሳቡ ነው። ብትጎትተው ይጠነክራል፤ ዝም ብሎ ቢፈስ ጄል ሆኖ ይቀራል።

ያ አንድ ክር በዓይን አንድ ቢመስልም ሁለት ነው። ትሉ በሰውነቱ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም የሐር ዕጢዎች አሉት። ከሁለቱ የሚመጣው ክር መውጫው ላይ ይገናኛል። ዋናው ክር ፋይብሮይን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሁለቱን የሚያጣብቀውና ኮኩኑን እንደ ካርቶን የሚያደርቀው ሙጫ ደግሞ ሴሪሲን ይባላል። ሴሪሲን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይለሰልሳል። ፋይብሮይን ምንም አይሆንም። የሐር ፋብሪካ ምሥጢር በሙሉ እዚህ ላይ ነው፦ ኮኩኑን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትከታለህ፣ ሙጫው ይላላል፣ ጫፉን ፈልገህ ትስባለህ። ከአንዱ ኮኩን ከ600 እስከ 1,500 ሜትር የሚደርስ ያልተበጠሰ ክር ይወጣል። ልጅዎ ያነበበችው ይኸንን ነው።

የኤሪው ግን የሚሠራው ሌላ ቤት ነው። በአንደኛው ጫፍ ክሮቹን አጣብቆ አይዘጋም። ልቅ አድርጎ ወደ መሃል ያሰባስባቸዋል፣ እንደ ተጨበጠ የከረጢት አፍ። ከውጭ ገፍቶ መግባት ከባድ ነው፤ ከውስጥ ገፍቶ መውጣት ቀላል ነው። ጉንዳን ይከለክላል፣ ባለቤቱን ያሳልፋል። በአጉሊ መነጽር ያየሁት ጊዜ፣ አንድ ሰው ይህን ለመሥራት ስንት ዓመት ይማር ይሆን ብዬ ነበር። ትሉ በሦስት ቀን ይጨርሰዋል።

ችግሩ፣ ከፈለጉም ጥቅሙ፣ ክሩ ወጥ ሆኖ አለመምጣቱ ነው። የኤሪ ኮኩን እንደ መልበሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ አይመዘዝም። በዚያ ላይ ውሃ ውስጥ ሲከቱት ውሃው በበሩ ይገባና ይሰምጣል። ልጅዎ ሞክራው ከሆነ ወዲያው ወደ ታች እንደሄደ አይታ ይሆናል። ስለዚህ ብጥስጣሽ መውጣቱ የእሷ ጥፋት አይደለም። ውስጡ የነበረው ግን አልተረፈም፤ ብትጠይቅ እውነቱን ይንገሯት። የቀሩት 16 ናቸው።

አሁን «ቀድደን ብናይስ» ወዳሉት ልምጣ። ይህን ጥያቄ የማይጠይቀኝ የለም፤ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። «ተኝቷል» ይላሉ። የተኛ ነገር የለም። እዚያ ውስጥ ያለው ግንባታ ነው።

ክሩ ካለቀ በኋላ ትሉ ውስጥ ያጥራል። ግማሽ ያህል ይሆናል፣ ይሸበሸባል፣ ያየው ሰው «አለቀለት» ይላል። በዚህ ጊዜ ከኮኩኑ ውጭ ብታስቀምጡት እንኳ ምንም አይሠራም፣ አይሄድም። ከጥቂት ቀን በኋላ ቆዳው ጀርባው ላይ ይሰነጠቅና ይገፈፋል። የተገፈፈው ቆዳ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ይቀራል። ከውስጡ የሚወጣው ፑፓ ነው። በመጀመሪያ ሰዓታት ቢጫ፣ እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው። ጥፍር ቢነካው ይፈርጣል። ከዚያ ልጣጩ ይደርቃል፣ ቡናማ ይሆናል። ለዚህ ነው የሐር አርቢዎች ትሉ ወደ ሥራ ከገባ ሳምንት ያህል ሳይሞላው ኮኩን የማይለቅሙት። ቀድሞ የተለቀመ ውስጡ ይፈነዳና ክሩን ያቆሽሻል። እናንተ በ19ኛው ቀን ስለሆናችሁ ያንን አልፋችኋል።

ያ ቡናማ ልጣጭ ውስጥ ምን አለ? ብዙ ቦታ «ሙሉ በሙሉ ሾርባ ይሆናል» ተብሎ ተጽፏል። ግማሽ እውነት ነው። የትሉ ጡንቻ ብዙው ይፈርሳል። የሐር ዕጢዎቹ ሥራቸው ስላለቀ ይፈራርሳሉ። ቅጠል የሚፈጭበት አንጀት አሮጌ ሽፋኑን ጥሎ በአዲስ ይተካል። ግን የአየር ቧንቧው፣ እንደ ልብ የሚመታው የጀርባ ሥሩና የነርቭ ሥርዓቱ አይጠፉም፤ ይታደሳሉ እንጂ። ክንፉ ደግሞ ድንገት ከምንም አይበቅልም። ትሉ ቅጠል ሲያኝክ በነበረበት ጊዜም የክንፉ ዘር፣ ጥቃቅን የሕዋስ ስብስብ ሆኖ፣ ከቆዳው ሥር ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። አራት ጊዜ ቆዳ ሲቀይር ቀስ እያለ ብቻ አድጎ አሁን ተራው ይደርሳል።

ተራው መድረሱን የሚናገሩት ሆርሞኖች ናቸው። «ገና ልጅ ነህ፣ ብላ» የሚለው ሆርሞን ሲቀንስ፣ ቆዳ የሚያስቀይረው ኤክዳይሶን ትሉን ሌላ ትል ሳይሆን ፑፓ እንዲሆን ያደርገዋል። ይህን ኤክዳይሶን ለመጀመሪያ ጊዜ አጣርተው ያወጡት አዶልፍ ቡተናንትና ፒተር ካርልሰን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1954። የተጠቀሙት የሐር ትል ፑፓ ነው፣ 500 ኪሎ። ያገኙት 25 ሚሊግራም። አምስት ኩንታል ፑፓ ተፈጭቶ ለአንድ ጭልፋ እንኳ የማይበቃ ዱቄት ማለት ነው። እኔ ይህን ቁጥር ለተማሪ ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። የአንድ ፑፓ ድርሻ እኮ ስንት እንደሆነ አስሉት፦ ያን ያህል ኢምንት ነገር ነው ሙሉውን ቤት ፈርሶ እንዲሠራ የሚያዘው።

እና አንዱን ብትቀዱስ? ካላስቻላችሁ፣ ኤሪ ስለሆነ መቀስ አያስፈልግም። ጥጡን ካወጡ በኋላ በሩን በሁለት ስቴኪኒ ቀስ አድርገው ገለጥ ያድርጉና በስልክ ባትሪ ያብሩበት። ቡናማና የሚያበራ ልጣጭ ካዩ ደህና ነው። ጫፉን በላባ ወይም በለስላሳ ሣር ነካ ሲያደርጉት ሆዱን ካወዛወዘ በሕይወት አለ። ልጅዎ ይህን ስታይ የምታሰማውን ድምፅ ጎረቤት ይሰማዋል። አንድ ብቻ ግን። ሁሉንም በየቀኑ አትነካኩ። ፑፓው ከኮኩኑ ቢወጣ እንኳ የግድ አይሞትም፤ ለዘር የሚያራቡ ሰዎች ቀደው አውጥተው ሴትና ወንዱን ይለያሉ። ለስለስ ያለ ጨርቅ ላይ ከተቀመጠ ሂደቱን ይጨርሳል። ግን የመልመድ ሥራ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚያረባ ሰው እጅ አልመክረውም።

ሳይከፍቱ ማወቅም ይቻላል። ኮኩኑን በሁለት ጣት ይዘው ጆሮዎ አጠገብ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድፍን ድምፅ ከሰጠና በእጅዎ ላይ ክብደት ካለው መልካም ነው። ሲነካ ቀላል ሆኖ እንደ ደረቅ አተር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ውስጡ ደርቋል። ድምፅ የሌለው፣ ከውጭ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም እርጥበት ያለው፣ ሽታም ያለው ደግሞ ውስጡ በስብሷል። እንዲህ ያለውን ከሌሎቹ ጋር አንድ ቀን አያሳድሩት፤ አውጥተው ይጣሉ።

አሁን ብርዱ። ነፍሳት የራሳቸው ማሞቂያ የላቸውም። እድገታቸው በቤቱ ሙቀት ነው የሚሄደው። መጽሐፍ ላይ ያለው ቀን 25 ዲግሪ አካባቢ ለሆነ ክፍል ነው። በዚያ ሙቀት የኤሪ ፑፓ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። የእናንተ ክፍል ነሐሴ ላይ፣ ያውም ወንዝ አጠገብ፣ ሌሊት ስንት ይሆናል? እኔ አራት ኪሎ ላይ ቢሮዬ ውስጥ ጃኬት ለብሼ ነው ይህን የምጽፈው። በብርድ ሁሉም ነገር ይዘገያል። በአዋሽ ሸለቆ፣ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ኤሪን ሲያጠኑና ለገበሬ ሲያስተዋውቁ የቆዩ ሰዎች የሚያዩት ፍጥነትና እዚህ ግንፍሌ የሚታየው አንድ አይሆንም። ወር ቢሞላም አይግረማችሁ። ወር አልፎ አንድም ካልወጣ ያን ጊዜ የጆሮውን ምርመራ ደግማችሁ ጻፉልኝ።

ማሞቅ ይቻላል ወይ? ፍሪጅ አናት ላይ ያስቀምጧቸው። ከጀርባው የሚወጣው ሙቀት ለዚህ ሥራ በቂ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የከፋ ነገር አይመጣም። ምጣድ አጠገብ፣ ከሰል አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ግን አይሆንም። ቡና ሲፈላ ዕጣኑ ራቅ ብሎ ይጢስ። ፍሊት የሚነፋበት ክፍል ውስጥ ደግሞ በጭራሽ፤ ትንኝ የሚገድል ነገር ይህንንም ይገድላል።

ማስቀመጫው ጫማ የሚሸጥበት ካርቶን ይሁን፣ ክዳኑ የተበሳሳ። ፌስታል አይሆንም፤ የተከደነ የፕላስቲክ ዕቃም አይሆንም። ፑፓው በጎኑ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይተነፍሳል፣ ኮኩኑም አየር የሚያሳልፈው ለዚህ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩ ዘመን አንድ ክረምት 40 ያህል ኮኩን በክዳን ፕላስቲክ ዘግቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ነበር፣ «አይጥ እንዳይነካብኝ» ብዬ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስከፍተው ውስጡ ላብ፣ ኮኩኖቹ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ። አይጡ ይሻል ነበር። የሚቀጥለውን ዙር ደግሞ ለማካካስ ክፍት ቅርጫት ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ተውኩት። ዓርብ ማታ ምንም አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ክንፍ ተሞልቷል፣ የተማሪዎች የፈተና ወረቀት ላይ ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። የእሳት እራቷ እንደወጣች ውስጧ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ፈሳሽ ትጥላለች። ደም ወይም በሽታ አይደለም። ጨርቅ ላይ ግን አይለቅም፤ ፍሪጁ ላይ የእናትዎ ዳንቴል ካለ ቀድመው ያንሱት።

እንግዲህ የሚወጡበትን ጠዋት ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው። የመልበሪው ዝርያ ቢሆን ኖሮ፣ የተዘጋ ቤት ውስጥ ስለሆነች፣ ኮኩኔዝ የሚባል ሙጫውን የሚያሟሟ ፈሳሽ አመንጭታ የኮኩኑን ጫፍ ታረጥባለች፤ ከዚያ ክሩን ወደ ጎን ገፍታ ትወጣለች። የኮኩኑ ክር እዚያ ጋ ይበላሻል። ለዚህ ነው የመልበሪ ሐር ፋብሪካ የእሳት እራቷን የማይጠብቀው። ፑፓውን ኮኩኑ ውስጥ እያለ በእንፋሎት ወይም በሞቀ አየር ይገድለዋል። አንድ የሐር ቀሚስ ስንት ሺህ ፑፓ እንደሚፈልግ ልጅዎ ከጠየቀች፣ አንድ ኪሎ ጥሬ ሐር 5,000 ያህል ኮኩን ይወስዳል። የእናንተዋ ግን በሯን ገፋ አድርጋ ትወጣለች፣ ኮኩኑም ለፈትል ይቀራል። ጥጡ እንዳለ ቢሆን ኖሮ በሩ ላይ ትያዝ ነበር። የተያዘች የእሳት እራት ክንፏ ተጣጥፎ እንደቀረ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ አይቃናም።

ክንፍ ያልኩት ስትወጣ የለም ማለት ይቻላል። እርጥብ፣ የተጨማደደ፣ የጥፍር ያህል ነገር ነው። የምትንጠለጠልበት ነገር ትፈልጋለች። ካርቶኑ ውስጥ የእንቁላል ትሪ ቁራጭ ወይም ጆንያ አቁሙላት። ወጥታ ትንጠለጠልና የሰውነቷን ፈሳሽ ወደ ክንፉ ሥሮች ትገፋለች። ክንፉ ዓይናችሁ እያየ ይዘረጋል። ቡናማ፣ ነጭ የጨረቃ ቅርፅ ያለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከእጅ መዳፍ ሊሰፋ የሚችል። ይህን ቀን ልጅዎ ካየች ስልኩን የምታነሳው ለቪዲዮ ብቻ ነው።

ከወጣች በኋላ ምን እናብላት ብላችሁ አትጨነቁ። አፏ አይሠራም። ትል ሳለች በበላችው ቅጠል ነው የምትኖረው፤ አንድ ሳምንት ገደማ። የእሳት እራት የሚለው ስማችን ደግሞ አስቂኝ ነው፦ የእሳት እራት ተብላ ራሷ እራት አትበላም። ሥራዋ መገናኘትና እንቁላል መጣል ብቻ ነው። ወንዱን የሚለዩት በአንቴናው ነው፤ እንደ ላባ ሰፋ ያለ ነው፣ የሴቷን ሽታ የሚይዝበት። ሴቷ ሆዷ ወፍራም ነው። ይህ የሽታ ነገር ሲመረመርም የተጀመረው ከሐር ትል ነው፤ ቡተናንት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1959 ቦምቢኮል የሚባለውን የመልበሪዋን ሴት ሽታ ለማወቅ ግማሽ ሚሊዮን ያህል የእሳት እራት ተጠቅሟል። ሰውዬው ከሐር ትል ጋር ምን እንዳጣላው አላውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዲት ሴት 300 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከ16ቱ ስምንቱ ሴት ቢሆኑ 2,400 ትል ማለት ነው። ግንፍሌ ወንዝ ዳር ያለው ጉሎ በሙሉ አይበቃችሁም። ሃያ ሠላሳ እንቁላል አስቀርታችሁ ሌላውን ፍሪዘር ውስጥ አድርጉት። ወደ ወንዙ አትልቀቋቸው፤ ለብዙ ዘመን በሰው እጅ የኖረ ፍጥረት ነው፣ ሜዳ ላይ አይችልም፣ ከቻለም ለእኛ ዛፎች ጥሩ አይሆንም።

አሳም ውስጥ የኤሪ ፑፓ ይበላል፣ ጣፋጭ ነው ይባላል። በፍልሰታ ይህን ማንሳቴን ይቅር በሉኝ።

ሐር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፣ ክሩ ቢያንስ። የአንገት ማተብ የሐር ክር የነበረበት ዘመን አለ። ከዚያም በጣም ወደ ኋላ፣ በስድስተኛው መቶ ዘመን፣ የሮሙ ንጉሥ ዩስቲንያኖስ ወደ አፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ ነበር፤ ሐሩን ከህንድ ነጋዴዎች እናንተ ግዙና ለእኛ ሽጡልን፣ ለፋርስ የምንከፍለው ገንዘብ ይቅርልን ብሎ። የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ እንደመዘገበው አልተሳካም፤ የፋርስ ነጋዴዎች ለህንድ ወደቦች ይቀርቡ ስለነበር መርከቡ ሲደርስ ጭነቱን በሙሉ ቀድመው ይገዙት ነበር። እ.ኤ.አ. በ552 አካባቢ መነኮሳት እንቁላሉን ወደ ቁስጥንጥንያ እስኪያመጡ ድረስ ትሉ ራሱ በሮማውያኑ እጅ አልነበረም። አሁን ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ፍሪጅ አናት ላይ፣ 16 አሉ።

የተቀቀለውን ኮኩን አይጣሉት። የእሳት እራቶቹ ሲወጡ ባዶዎቹንም አጠራቅሙ። በሩ በኩል ገልብጣችሁ ውስጡ የቀረውን ደረቅ ልጣጭ አራግፉ። ከዚያ በሳሙና ውሃ፣ በቀስታ እሳት፣ አንድ ሰዓት ያህል ቀቅሏቸው፤ ሙጫው ለቆ ኮኩኑ በጣት ሲጎተት እንደ እርጥብ ጥጥ መላላት አለበት። አጥባችሁ በጥላ አድርቁት። የሚቀረው ከጥጥ ሥራ አይለይም፦ ተባዝቶ፣ አመልማሎ ሆኖ፣ በእንዝርት ይፈተላል። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች ዘንድ የኤሪ ክር አዲስ ነገር አይደለም። 17 ኮኩን ለነጠላ አይበቃም፣ ለጥለት እንኳ ያጥራል። ለልጅቷ የእጅ ማሰሪያ ግን ይሆናል። እናትዎ እንዝርት ካላቸው ጥጡን ትተው ይህን ይፍተሉላት፤ መጀመሪያ ላይ ከጥጥ ይልቅ ያንሸራትታል፣ ጣታቸውን በትንሽ አመድ ያድርቁት።